በስሜ የተጫወተችው ሴት

ይህ የደረሰብኝ አሥረኛ ክፍል እያለሁ ነው። አሁን ተመርቄ ሥራ ይዣለሁ። በዚያ ዕድሜዬ ያስለቀሱኝ ነገሮች ብዙዎቹ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል፤ ይሄኛው ግን አልጠፋም። ዛሬም መንገድ ላይ ሰው ስሜን ሲጠራ ቶሎ አልዞርም። መጀመሪያ ሌላ ሰው «አቤት» ይል እንደሆነ እጠብቃለሁ። የማያውቁኝ ሰዎች ኩራት ይመስላቸዋል።

ስሜ ነጃት አባዲጋ ነው። አባቴ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያው አጠገብ ልብስ ይሰፋል። ኳስ የለመድኩት ከወንድሞቼ ጋር ግቢያችን ውስጥ ነው፤ የልብስ ማስጫው ገመድ መረባችን ነበር። እነሱ ረጃጅሞች ናቸው፣ እኔ አጭር ነኝ። እነሱ ይመታሉ፣ እኔ ከሥር አነሳለሁ። ኳሷ የጎረቤት ጎመን ላይ ስታርፍ የምሰደበው እኔ ስለነበርኩ፣ እንዳታልፈኝ ስል እንደ እብድ መሮጥ ለመድኩ።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን በዞኑ የተማሪዎች ውድድር የሚሳተፍ የሴቶች ቮሊቦል ቡድን ሊያቋቁም መሆኑን የስፖርት አስተማሪያችን ቲቸር ደረጀ ሰልፍ ላይ ተናገረ። አባቴን አስፈቀድኩት። ብዙም ደስ አላለውም። ሂጃብሽን ካላወለቅሽ፣ ረጅም ሱሪ ከለበስሽ፣ ከመግሪብ በፊት ቤት ከገባሽ ይሁን አለኝ። ሱሪውን ግን ራሱ ሰፋልኝ፤ ብወድቅ እንዳልጎዳ ብሎ ጉልበቱ ላይ ጨርቅ ደረበበት።

መረጣው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዝናብ አድሮ ሜዳው ጨቅይቷል። እንደ እኔ ሂጃብ ያደረጉ ሁለት ልጆች መጥተው ነበር፤ ጭቃውን አይተው ተመለሱ። እኔ ቀረሁ።

ቲቸር ደረጀ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ በቁመት ለየን። ረጃጅሞቹን ከመረቡ አጠገብ አቆማቸው፤ እኔንና ሌሎች አጫጭሮችን ከወዲያ ማዶ ሂዱና ኳስ እየለቀማችሁ መልሱ አለን። መረጣው ለእነሱ እንጂ ለእኛ እንዳልሆነ ገባኝ።

ግን ኳስ ወደ አንድ ሰው እየበረረች ስትመጣ ዝም ብሎ መቆም አይቻልም። የመጀመሪያዋን መሬት ሳትነካ በክንዴ አነሳኋትና መረቡ ጋ ላለችው ልጅ እጇ ላይ አደረስኩላት። ሳቁ። ቀጣይዋንም አነሳሁ። ከዚያ ልጆቹ እልህ ያዛቸውና ሆን ብለው እኔ ላይ መምታት ጀመሩ። ከሁሉም የባሰችው ሜሮን ነበረች፤ ክፍል ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጥ፣ ከልብ የምወዳት ጓደኛዬ። በሙሉ ኃይሏ ነው የመታችው። በደረቴ ተንሸራትቼ ያቺንም ኳስ አነሳሁባት።

አጥሩ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ማፏጨት ጀመሩ። ቲቸር ደረጀ ከወንበሩ ተነሳ፣ ኳሱን ተቀበላቸውና ራሱ መታብኝ። አንዷን በአንድ እጄ፣ ወድቄ ሳለሁ አወጣኋት። ፊሽካውን ነፋ።

«ይቺን ሂጃቧን ልጅ መዝግቡልኝ» አለ። «ዓይኔ ገብታለች።»

ሰው ፊት እንዲያ ተመስግኜ አላውቅም ነበር። ቦሳ ኪቶ ሰፈር ደርሰን እስክንለያይ ድረስ ሜሮን እጄን ይዛ ስለዚያ ብቻ ስታወራ ሄደች። ቤት ስገባ ከአገጬ እስከ እግሬ ጭቃ ነበርኩ። እናቴ ተቆጣችኝ፤ አባቴ ግን የሱሪውን ጉልበት አየና አልተቀደደም ብሎ ደስ አለው።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት መልስ ልምምድ ጀመርን። ቲቸር ደረጀ ለምዝገባ ብሎ የተማሪ መታወቂያዬንና ፎቶዬን ወሰደ። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ለብቻዬ ጠራኝና የተጫዋች ቁጥር ቀንሱ ተብለናል፣ አጭሯ አንቺ ስለሆንሽ አንቺን ቀንሼያለሁ አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አይዞሽ፣ የከርሞው ያንቺ ነው አለ። አመንኩት። ቤት ሄጄ አለቀስኩ። አባቴ ኸይር ነው፣ አላህ የሚያውቀው ነገር ይኖራል አለኝ።

ጓደኞቼን ለመደገፍ የግማሽ ፍጻሜውን ጨዋታ ልይ ብዬ ስታዲየም ሄድኩ። ከፍ ብዬ ተቀመጥኩ። በድምፅ ማጉያው የቡድናችንን ተጫዋቾች ስም መጥራት ጀመሩ። የሜሮን ተጠራ። ቀጥሎ «ነጃት አባዲጋ» ሲል ሰማሁ።

«አቤት» ብዬ ተነሳሁ።

ዙሪያዬ ያሉት ሰዎች ሳቁ። እኔ ሐሳባቸውን ቀይረው የጠሩኝ መስሎኝ ነበር፤ ሰው እየረገጥኩ ወደ ታች ወረድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ሜዳው ላይ አንዲት ጥቁር ሂጃብ ያደረገች ሴት እጇን አንስታ ለተመልካች ስታውለበልብ አየሁ። ልጅ አይደለችም፤ ትከሻዋ የሰፋ፣ ከእኔ በብዙ የምትበልጥ ትልቅ ሴት ናት። ሂጃቡን አገጯ ሥር አንቃ አስራዋለች፤ ጆሮዋና ጉትቻዋ ወጥተዋል። አንድም ቀን አድርጋ እንደማታውቅ ያስታውቃል።

ጨዋታው ተጀመረ። ሜሮን «ነጃት፣ ላንቺ» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ሴትየዋ ዘለለችና መታች። ሕዝቡ ስሜን እየጠራ አጨበጨበ። ሜሮን ዞር ስትል አጥሩ ጋ ቆሜ አየችኝ፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ይሄን ጊዜ ታቆማለች ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ኳስ ግን እንደገና «ነጃት» አለች።

ጨዋታው ሲያልቅ ሴትየዋን ተከትያት ከስታዲየሙ ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሄድኩ። ሂጃቡን ከራሷ ላይ ሞሽልቃ አወጣችው። አንገቷን ጠረገችበት፣ ቀጥሎ ብብቷን ጠረገችበት፣ ከዚያ ቧንቧው ሥር ረግረጉ ላይ ወረወረችው። የእኔ ሂጃብ አልነበረም። ቢሆንም ከእኔ ራስ ላይ ገፍፋ የጠረገችበት ያህል ተሰማኝ።

ስሜን ነገርኳት። መጀመሪያ የምቀልድ መሰላት። ቆይታ አየችኝና ፊቷ ተለዋወጠ።

«አግብታ ትምህርቷን ትታለች ነው ያሉኝ» አለች። «ስሟን የሚፈልገው የለም አሉኝ።»

ለምን የእኔን ስም እንደመረጡ ጠየቅኳት። ፎቶው ላይ ሂጃብ ስላለ ነው አለችኝ፤ ፊት በደንብ ስለማይለይ ማንም አይጠይቅም ተብላለች። ሌላ ከተማ ክለብ ውስጥ የምትጫወት ናት፤ ቲቸር ደረጀ የሚያውቃት። ያን ጊዜ ነው በዚያ ቅዳሜ ዓይኑ ውስጥ የገባው ነገሬ ምን እንደሆነ የተረዳሁት።

ሂጃቡን ከጭቃው አንስታ፣ አራግፋ ዘረጋችልኝ። አልተቀበልኳትም። ይቅርታ እህቴ፣ ነገ ፍጻሜው ነው፣ ከዚያ እሄዳለሁ አለች። በማግስቱም ተጫወተች። አሸነፉ።

የፍጻሜው ዕለት ማታ አባቴ ከመስጊድ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። ገበያው ሁሉ ማሻአላህ፣ ልጅህ አኮራችን እያለ ሲጨብጠው ውሏል። ወደ ቡድኑ እንደመለሱሽ ለምን ደበቅሽኝ አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሂጃቡንም አድርጋ ነው ወይ አለ። አዎ አልኩት። እራቱን ሳይነካ ተነሳ።

ጠዋት የጁምዓ ጀለቢያውን ለብሶ አብሮኝ ትምህርት ቤት ሄደ። ዳይሬክተሩ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠው። ዋንጫው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቲቸር ደረጀም መጣ። አባቴ ቀስ ብሎ፣ ኦሮምኛውንና አማርኛውን እያቀላቀለ፣ የሆነውን ነገራቸው። ዳይሬክተሩ አልደነገጠም። ከሁሉም በላይ የሚያቅለሸልሸኝ አለመደንገጡ ነው፤ ምንም አዲስ ነገር አልነገርነውም። ይሄ የትም የሚደረግ ነው፣ ለትምህርት ቤቱ ክብር ነው፣ ሜዳሊያው ደግሞ ለልጅዎ ይሰጣል፣ ለእርስዎም ኩራት ነው አለው።

«እኔ ልጄ ትጫወት አላልኩም» አለ አባቴ። «አባዲጋ የእኔ ስም ነው። ያቺን ሴት አልወለድኳትም።»

ሳቁ። ሁለቱም። አባቴ የቀለደ መስሏቸው ከልባቸው ሳቁ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አባቴ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው፣ ከዚያ «ኮቱ» አለኝ፤ ነይ እንሂድ ማለቱ ነው። ወጣን።

ለዞኑ አመለክታለሁ ብሎ ነበር። ወሬው ሲሰማ የሌሎቹ ልጆች ወላጆች እየተከታተሉ ቤታችን መጡ፤ የልጆቻችንን ሜዳሊያ አታስነጥቅብን ብለው ለመኑት። የሜሮን እናትም ከመጡት አንዷ ነበሩ። አባቴ ሰው ደጁ መጥቶ ሲለምነው እምቢ ማለት አይችልም፤ ተወው። ሰልፍ ላይ ሜዳሊያ ሲታደል ስሜ ተጠራ። ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ቀጣዩን ስም ጠሩ፣ አለቀ። ሜሮን ከኋላ መጥታ የተናገረ ከቡድኑ ይወጣል ተብለን ነው አለችኝ። ክፍል ስንገባ ደብተሬን ይዤ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኳስ ከዚያ ወዲህ ነክቼ አላውቅም።

ብዙ ሰው ልጅነት ነው፣ እርሺው ይለኛል። ሞክሬያለሁ። ችግሩ ቲቸር ደረጀ እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ባገኘኝ ቁጥር ከሰው ጋር ቢሆን እንኳ መንገድ አቋርጦ ይመጣል። «የኛ ጀግና» ይለኛል፣ እጁን ዘርግቶ። የሚያፍር ቢሆን ይቅር እለው ነበር መሰለኝ። እጄን አልሰጠውም። እሱ ግን ቅር አይለውም፤ አብረውት ላሉት ሰዎች ዞር ብሎ ሃይማኖቷ ስለማይፈቅድላት ነው ብሎ ያስረዳልኛል።

ሃይማኖቴ አይደለም። ስለምጠየፈው ነው።