የጋቢናዋ መደገፊያ

ልጅ እያለሁ አባቴ የሰው መኪና እንዲያይ ሲጠራ መጀመሪያ ጫማውን ያወልቅ ነበር። ላሊበላ ጫማ የሚወልቀው ቤተክርስቲያን በር ላይ ነውና ያየው ሁሉ ይቀልድበታል፤ "ሞላ፣ ተሳልመህ ነው የምትገባው?" ይሉታል። እሱ በባዶ እግሩ ገብቶ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን ይረግጣል። የፔዳሉ ጎማ ምን ያህል እንደተበላ የሚያውቀው በውስጥ እግሩ ነበር።

አባቴ ሾፌር ነው። በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ እንግዶችን ወደ ገዳማቱ፣ ገበያተኛውን ወደ ጋሸናና ወደ ኮን ያመላልስ ነበር። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰበ የአገራችን ሰው ሞተሩን ለመካኒክ፣ ውስጡን ለአባቴ ያሳያል። ብዙ ጊዜ እኔንም ይዞኝ ይሄድ ነበር፤ ምናልባት ዝም ስለምል ይሆናል። ከፔዳሉ በኋላ መሪውን በሁለት መዳፉ ይዞ የት የት ላይ እንደለሰለሰ ይዳስሳል። የማርሹ እጀታ ላይ ያሉት ቁጥሮች ጠፍተው እንደሆነ ያያል። ሾፌሩ ሲወጣና ሲገባ የሚታከከውን የወንበር ጠርዝ ይጫናል። ምንጣፉን ገልጦ ያሸታል፤ ውሃ የገባባት መኪና እርጥብ ጆንያ እንደምትሸት ያስተማረኝ እሱ ነው። ኪሎሜትሩን የሚያየው ሁሉን ከጨረሰ በኋላ ነበር። "ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወንበር አይመለስም" ይላል።

መኪናዋ ደህና ከሆነች "ንጹህ ናት" ብሎ ይወርዳል፤ ሌላ ምስጋና አያውቅም። ሻጩ አዲስ ልባስ አልብሷት ወይም ወንበሯን ፈትጎ ካጠበው ደግሞ "ለገዢ የታጠበ ወንበር የሚደብቀው አለው" ብሎ ጫማውን ያደርጋል። ደላሎቹ አይወዱትም ነበር።

የራሳችን ሚኒባስ በእሱ ሚዛን ንጹህ አልነበረችም። ጥፋተኛዋ እናቴ ናት። በየወሩ ለማርያም ገነተ ማርያምን ልትሳለም ስትሄድ ጋቢና ትቀመጣለች፤ በዋዜማው ደግሞ በአደስ የተለወሰ ለጋ ቅቤ ራሷን ትቀባለች። ቅቤው ሻሿን አልፎ፣ ነጠላዋን አልፎ የራስ መደገፊያው ላይ ያርፋል። አባቴ ፎጣ አለበሰው። እሷ ፎጣውን አንስታ ጭኗ ላይ ታጥፈውና "ፈረንጅ ሲደገፈው ፎጣ አልነበረውም" ትላለች። እሱ እየሳቀ መኪናውን ያስነሳል። ከዓመት ዓመት መደገፊያው ላይ የጭንቅላቷን ቅርጽ የያዘ ጥቁር ወዝ ወጣ።

እናቴ የሞተችው በክረምት ነው። ስለ ሕመሟ ብዙ አልጽፍም፤ ብዙም አላስታውስም። የማስታውሰው ቤቱ በሰው ሲሞላ ምንም እንዳልተሰማኝ ነው። ሴቶቹ አቅፈውኝ ሲያለቅሱ የነጠላቸውን ጥለት አይ ነበር። ተዝካሯ ሲወጣ ልብሷ ሁሉ ለነዳያን ተሰጠ፤ ወጉ ነው። ሣጥኗ ባዶውን ቀረ። ያን ጊዜ ሚኒባሷ ትዝ አለችኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋቢና ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፤ አፍንጫዬን መደገፊያው ላይ አደርጋለሁ። አደሱ ይሸታል። አላለቅስም። እንዲያው ስተነፍስ እቆይና ወርጄ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ሌላ የእሷ ነገር ቤታችን ውስጥ አልቀረም ነበር።

አባቴ መኪናዋን ሊሸጥ መሆኑን የሰማሁት ከአክስቴ ከስንዱ ነው። የእሱ እህት ናት፤ ከሐዘኑ ጀምሮ እኛ ጋ ነበረች። እናቴ ከሞተች ወዲህ መሪ መያዝ አስጠልቶታል አለችኝ። ገዢው ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጋሸና ነጋዴ ነበሩ፤ ከዚህ ቀደምም መኪና ሲገዙ ያየላቸው አባቴ ነው። እሳቸው በሚመጡበት ጠዋት አክስቴ ውሃ አሞቀች፣ እንዶድ ወቀጠች፣ ብሩሽ ይዛ ወደ ጋቢናው ሄደች። ምን ልታጥብ እንደሆነ ገባኝ። ልከለክላት ፈልጌ በሩ ላይ ቆምኩ፤ የከለከላት ግን አባቴ ነው።

"ተይው፣ እታለም" አላት። "ሳይታጠብ ይዩት።"

ለደንቡ ብሎ ይሁን ለሌላ፣ ከፊቱ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። አክስቴ እንዶዱን አጥር ሥር ደፋችው።

ሐጂ ሰይድ ብቻቸውን መጡ። ሐዘናቸውን እንደገና ገልጸው፣ በመኪናዋ ዙሪያ ዞር ዞር አሉና ቆሙ።

"ሞላ፣ እኔ ስለ መኪና የማውቀው የለም። እስከ ዛሬ ያየህልኝ አንተ ነህ፤ ዛሬም አንተው እይልኝ።"

አባቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። ስንት ዘመን ወደነዳት የገዛ መኪናው በባዶ እግሩ ገባ። ጉድለቷን የሰው መኪና እንደሚያይ ድምፁን ሳይለውጥ ይነግራቸው ጀመር፤ ፍሪሲዮኑ ተበልቷል፣ መሪው በግራ በኩል ለስልሷል፣ የኋለኛው ወንበር ስፖንጅ ሞቷል፣ በበሩ ሥር ዝናብ ይገባል። ሐጂ ሰይድ እሺ እሺ ይላሉ። ቀጥሎ ወደ ጋቢናው ተሻግሮ ተቀመጠ። መዳፉን ወደ ኋላ ልኮ መደገፊያው ላይ አሳረፈ። አክስቴ ፊቷን አዞረች። እኔ እጁን አይ ነበር፤ ያረፈው ልክ እናቴ ራሷን ትደገፍበት የነበረው ቦታ ላይ ነው።

"ይህ የቅቤ ወዝ ነው" አለ። "አይለቅም።"

"አላህ ይማራት" አሉ ሐጂ ሰይድ። "መደገፊያዋን ነቅለህ ለልጅቱ ተውላት። እኔ ሌላ አስገባለሁ።"

አባቴ አየኝ። ራሴን ብነቀንቅ ይበቃ ነበር፤ ሰውነቴ ግን አልታዘዘኝም።

"ጎደሎ መኪና አልሸጥም፣ ሐጂ" አለ።

ሚኒባሷ ከነመደገፊያዋ ወደ ጋሸና ሄደች። ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮዬ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። ተቀይሜው እንደሆነ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ለመቀየምም ጉልበት ያስፈልጋል፤ እኔ አልነበረኝም። ለምን እንደዚያ እንዳለ አልጠየቅሁትም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ለሥራዬ ያገለገለች ፒክአፕ ልገዛ አባቴን ይዤ ጋሸና ሄድኩ። ዛሬ መኪና የሚመረጠው በስልክ ፎቶ ነው። ወንበሩ ሁሉ አዲስ ልባስ ለብሷል፣ መስተዋቱ ላይ ሽቶ ተንጠልጥሏል፤ የየትኛዋንም በር ብትከፍቱ ሎሚ ሎሚ ይላችኋል። እንዳለች የቀረበች፣ ባለቤቷ ልባስ ያላለበሳት አንዲት ብቻ አገኘን። የአባቴ ዓይን ደክሟል። ክንዱን ይዤ አደረስኩት፤ ጫማውን ግን ራሱ አወለቀ። ሻጩ ወጣት ፈገግ አለ። አባቴ ፔዳሉን ረገጠ፣ መሪውን ዳሰሰ፣ ምንጣፉን አሸተተ። ጋቢና ሲቀመጥ መዳፉን ወደ ኋላ ላከ። መደገፊያውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፤ መልሶ ደግሞ ዳሰሰው።

"ንጹህ ናት፣ ልጄ" አለኝ። "ሾፌሯ ብቻውን ነበር የሚነዳት። እዚህ ላይ ሰው አልተቀመጠም።"

በድሮው ሚዛን ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ገዛኋት።

አሁን በየወሩ ለማርያም ጋቢና አስቀምጬው ገነተ ማርያም እወስደዋለሁ። መንገድ ላይ ራሱን ደገፍ አድርጎ ያንቀላፋል። ስንደርስ ከዘራውን አቀብለዋለሁ፤ እሱ ቀስ እያለ ወደ ቅጥሩ ሲገባ እኔ መኪና ውስጥ ትንሽ እቆያለሁ። ወዝ ይዛ እንደሆነ ጠጋ ብዬ መደገፊያዋን አያታለሁ፤ በመዳፌ እዳስሳታለሁ። አባቴ ፀጉሩ ካለቀ ቆይቷል፤ ቅቤም አይቀባም።

ንጹህ ናት።