በአንዲት በቅሎ የተቋጠርን ሁለት ሰዎች

ሰው ከባላጋራው ጋር በልብሱ ተቋጥሮ ሲሄድ ያየ ሁሉ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም፤ የተቋጠርሁት እኔ ነበርሁ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ከጎንደር ጨውና አቡጀዴ ጭኜ ወደ ማክሰኝት እወርዳለሁ፤ ከማክሰኝት ጤፍና በርበሬ ጭኜ እመለሳለሁ። ለዚህ ሁሉ ያለችኝ አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረች። ይቺን በቅሎ በጥምቀት፣ እኔ ታቦት ልሸኝ በወረድሁበት ሰዓት፣ ከደጄ ፈትተው ወሰዷት። ከመስረቁ ይልቅ ታቦቱን ጠብቆ መስረቁ አንገበገበኝ። ሌባም እንደኛው በዓል ቆጣሪ ሆኗል ማለት ነው።

መጋቢት ላይ ማክሰኝት ገበያ መሀል አየኋት። ጀርባዋን ኮርቻ ልጦት ኖሮ ቁስሉ ሲድን ነጭ ጠጉር አብቅሏል፤ ያንን ነጭ ቦታ አሥር ጊዜ ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ፣ በጨለማም አልስተውም። ገመዷን የያዘው ከእንፍራንዝ በላይ ካለው ደጋ የመጣ ወጣት ገበሬ ነው። በሕግ አምላክ ብዬ አስቆምሁት። አልሸሸም። እንደውም ምነው ጌታው፣ ምን አጠፋሁ ብሎ በቅሎዋን አቅርቦ አቆመልኝ። ሌባ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

በሬ ሸጦ ነው የገዛት። በእኛ አገር ደግሞ ከብት ያለ ዋስ አይገዛም፤ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ መልስ የሚሰጥ ሰው መኖር አለበት።

«ዋስህ ማነው?» አልሁት።

«የጠመጠመ ሰው ነው።»

«ስሙስ?»

«አያ፣ የጠመጠመ ሰው ስሙ ይጠየቃል እንዴ?»

ገበያተኛው ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። ሁለት ክንድ ሻሽ ራሱ ላይ የጠቀለለ ሁሉ ቄስ ነው ብሎ የበሬውን ዋጋ የሚያስረክብ ሰው ምን ይደረጋል? ሻጩም ዋሱም አብረው የመጡ፣ አብረው የተሰወሩ ናቸው። እሱ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰውዬው ቢጠፋ ሱባኤ ይዞ ይሆናል ብሎ ያስብ ነበር።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እኔም እውነቴን ነው፣ እሱም እውነቱን ነው። ለዚህ ዓይነቱ ነገር የአባቶቻችን መላ ቁራኛ ነው፤ የከሳሹን ልብስ ጫፍ ከተከሳሹ ልብስ ጫፍ ይቋጥሩና አንዱ እንዳይሸሽ፣ አንዱም እንዳይቀር፣ ሁለቱም ተሳስረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ይኼ ቀርቷል የሚባለው ወሬ ማክሰኝት ገና አልደረሰም ነበር። የእኔን ነጠላ ከሱ ጋቢ ጋር የቋጠሩት ሽማግሌ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ሳይቀር አጠበቁት። በቅሎዋን መሀላችን አድርገን የጎንደርን መንገድ ያዝን።

ያልተቋጠረ ሰው ይህን አያውቅም። ውኃ ሽንት ሲመጣ ሁለት ሰው ይሄዳል። አንዱ ሲያነጥስ ሌላው ይጎተታል። ስንቁን ፈትቶ በሶ ሲበጠብጥ ፊቴን አዞርሁ፤ ከተካሰስሁት ሰው ጋር አልቀምስም ብዬ። ነገር ግን አንድ ክንድ በማይሞላ ጨርቅ ተሳስሮ ፊት ማዞር ምን ያህል ያዛልቃል? አንገቴን አመመኝና በላሁ። ወደ አዘዞ የሚያወጣው ዳገት ላይ ጉልበቴን እንደያዘኝ ሳልነግረው እርምጃውን አሳጠረ። ማን ጠየቀው? ከጠላት የማይጠበቅ ነገር ሲመጣ ከስድብ ይብሳል፤ ለስድብማ መልስ አለው።

በመንገድ ላይ በቅሎዋን ለምን እንደገዛ ነገረኝ። እናቱ እግሯን ታማለች፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ አምባው ላይ ነው። ባለፈው ፍልሰታ ቅዳሴ ማስቀደስ አቅቷት፣ ጾሙ እስኪፈታ ከዳገቱ ሥር ተቀምጣ ደወሉን ስታዳምጥ ሰነበተች። ዘንድሮ በበቅሎ አወጣሻለሁ ብሎ ምሎላታል። አላመንሁትም። ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋ ለማስቀነስ እናቱን የሚያሳምም ሰው በየገበያው አይቻለሁ።

ጎንደር ስንገባ ከተማው ሁሉ ሳቀብን። ነገሩን ከሚያዩበት ፍርድ ቤት ደጅ ስንደርስ ዘበኛው ከቋጠሮው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ ይኼ የዱሮ ሰው ሥራ ነው፣ ፍቱት፣ አሁን መንግሥት አለ አለን። ፈታነው። መንግሥትም በቅሎዋን ወሰደ።

«ኤግዚቢት» ናት አሉን። ምን ማለት ነው ብንል፣ ነገሩ እስኪቆረጥ እዚህ የምትቆይ ማስረጃ ማለት ነው ተባልን። ጣልያን ጥሎት ከሄደው የማኪና ቸርኬ ጋር በአጭር ገመድ አሰሯት። ማስረጃ ሣር ይብላ፣ ውኃ ይጠጣ የሚል አንቀጽ የለም መሰለኝ፣ የሚያበላት አልነበረም። ዳኛው መቼ ይገባሉ ብንል ነገ። ነገ ስንመጣ ከነገ ወዲያ። እኔ ገበያዬ ቆመ፤ እሱ ማሳው ሳይታረስ የበልግ ዝናብ ሊያልፍበት ነው። ሁለታችንም በየጠዋቱ የግቢው አጥር ሥር እንገናኛለን።

መጀመሪያ ሣር የገዛሁ እኔ ነኝ። ሳስገባ አየኝና ሄዶ ከቀሃ ወንዝ በላምባ ቆርቆሮ ውኃ ቀድቶ መጣ። የገባኝ ወዲያው ነው፤ «ሲያበላት አይተናል፣ ባለቤቷ እሱ ነው» የሚል ምስክር እንዳይገኝብኝ ብሎ ነው። እኔም ያበላሁት ለዚያው ነበር። ስለዚህ አንዳችን ለብቻችን እንዳናበላ ተጠባበቅን፤ እኔ ካልመጣሁ እሱ አያጠጣም፣ እሱ ካልመጣ እኔ አልሰጥም። በቅሎዋ ግን ከቀን ወደ ቀን ጎኗ እየወጣ ሄደ፤ ዘበኛው ሣሩን ለራሱ ፈረስ ያሻግረው እንደነበር ኋላ ነው የሰማነው። እስከዛሬ ሳስታውሰው ጥርሴን ያፋጨኛል። ገበሬው ማደሪያ አጥቶ በረንዳ ላይ እንደሚያድር ባለቤቴ ሰምታ ቤት አስገባችው። የገዛ ቤቴ ውስጥ፣ የገዛ ባላጋራዬ፣ ከገዛ መሶቤ። እሷን ብቆጣት፣ ክርክሩ ከአንተ ጋር እንጂ ከሆዱ ጋር ነው እንዴ አለችኝ።

አንድ ጠዋት ስንመጣ በቅሎዋ በጉልበቷ ወድቃለች። ጆሮዋ እንኳ አልቆመም። እየተንደረደርን ገብተን ለጸሐፊው ነገርነው፤ ፍቱልን፣ ውኃ ዳር እናድርሳትና መልሰን እናምጣት፣ ዋስ እንጥራ አልን። ጸሐፊው ሻዩን አስቀመጠ።

«አትፈታም። ብትሞትም ግድ የለም፣ ቆዳዋ ይቀርባል።»

  ያን ጊዜ ገበሬው እጁን ልኮ የነጠላዬን ጫፍ ያዘ፤ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠረውና ለጸሐፊው አሳየው።

«ጌታዬ፣ እኛ ታርቀናል። ክስ የለንም።»

ማን ታረቀ? ማን ጠየቀኝ? ዞሬ ልጮህበት ስል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «አያ፣ ከሞተች የማንም አይደለችም» አለኝ። ጸሐፊው እውነት ታርቃችኋል ወይ አለኝ። ታርቀናል አልሁ። እንደዚያ ተቆጥቶ የታረቀ ሰው ጎንደር አይታ አታውቅም።

በቅሎዋን በሁለት ወገን ደግፈን ቀሃ አወረድናት። እስክትጠጣ ደግፈን ቆምን። ጠጥታ ራሷን ስታራግፍ ጥሉ እንደገና ተጀመረ። በምን ታረቅን? የማን ናት? እሱ በሬዬ አለ፣ እኔ ደጄ አልሁ። ባዝራ ብትሆን አንዱ እናቲቱን አንዱ ውርንጭላዋን ይይዝ ነበር፤ በቅሎ እንደሆን አትወልድ። ደክሞን ተቀመጥን። ከዚያ እንዲህ አልሁት፦ ክረምት ወንዙ ሲሞላ እኔ አልነግድም፤ ከሰኔ እስከ መስቀል በቅሎዋ ጎንደር ቆማ ገለባ ነው የምታስገዛኝ። ያን ጊዜ አንተ ውሰዳት፣ ደጋው ሣር ነው። ከመስቀል በኋላ ግን የኔ ናት።

ወራቱን በጣቱ ቆጠረና «ፍልሰታ ክረምት ነው» አለኝ፣ እኔ የማላውቀው ይመስል። «ሸጋ ነው፣ አያ።»

ጎረቤቶቼ የገዛ ንብረቱን ያካፈለ ጅል ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ያንን ጸሐፊ አልሳቁበትም፤ ያንን ዘበኛ አልሳቁበትም፤ የጠመጠመውም ሰውዬ እስከዛሬ አልተገኘም። መሳቅ የሚቀለው በታረቀ ሰው ነው።

ሰኔ ላይ መጥቶ ወሰዳት። እናት አለች የተባለው እውነት መሆኑን ለማየት ስል ብቻ በፍልሰታ፣ ያን ሁሉ ጭቃ ረግጬ ወጣሁ። አምባው ላይ ደርሳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ከበቅሎዬ ላይ እያወረዷት አገኘኋት። ማን እንደሆንሁ ሲነግሯት ምርቃቷን አወረደችው። ኮርቻው ያዘመመ መሰለኝና ሳስተካክል አሜን ማለቱን ረሳሁት።

መስቀል በዋለ በሳምንቱ፣ እንደተባባልነው፣ ደጄ ድረስ አመጣት። ይዤ ልጭናት ብል ከሆዷ ሥር የሚታሰረው መቀነቻዋ አልደርስ አለ፤ ያን ያህል አወፍሯታል። በወስፌ ሌላ ቀዳዳ እየበሳሁ ቀኑን ሙሉ ሰደብሁት። እሱ ደጁ ላይ ተቀምጦ የባለቤቴን ጠላ እየጠጣ፣ ምነው አያ፣ ሁለት ቀዳዳ ብሳ፣ ለከርሞም ይሆናል ይለኛል።

ሁለት በሳሁ።