ከግድግዳው ማዶ ደስ ይበልሽ

ዘገዬን ድሬዳዋ ምድር ባቡር ውስጥ የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ሰምቻለሁ የሚል ግን ጥቂት ነው። ዓይን አፋር ነበር። ሥራውም ቢሆን የሚናገሩበት ሳይሆን የሚያዳምጡበት ነው። ባቡር ገብቶ ሲቆም እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻውን ይዞ፣ ከፉርጎ ፉርጎ እያለፈ የብረቱን ጎማ ቷ፣ ቷ ያደርጋል። ደህናው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል። በቃ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራውን የበላው በጆሮው ነው።

በስድሳ ዘጠኝ ክረምት የሱማሌው ጦርነት መጣና ሐዲዱ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ባቡር ከመሀል አገርም የለ፣ ከጅቡቲም የለ። ሠራተኛው ግን ጠዋት ይግባ፣ ይፈርም፣ ይቀመጥ ተባለ። ዘገዬም ይገባል፤ መዝገብ ያዡ አቶ ክፍሉ ፊት ቆሞ ስሙን ይጽፋል። ፊደል ላይ ብዙም አይደለም፤ «ዬ» ላይ ሲደርስ እጁ ሁልጊዜ ይጠራጠራል።

«ፈጠን በል እንጂ፣ ባቡሩ ያመልጥሃል!» ይለዋል ክፍሉ። በየቀኑ ይቺኑ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይስቅ ነበር፤ በኋላ የሚስቅም ጠፋ።

ከዚያ ጥላ ፈልጎ መቀመጥ ነው። ከሰዓት የውይይት ክበብ አለ፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያንቀላፋል። ሙቀቱ አይጣል ነው። አንዱን ቀን ከሌላው የሚለይበት ነገር አጣ። ቤቱ ሲገባም የሚጠብቀው የለም፤ ሚስቱ በለጠች ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ልጅም አልወለዱ።

አንድ ነገር ግን ነበረው። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እናቱ በቃል ያስጠናችውን ጸሎት ያደርሳል። ያኔ ጮክ ይላል። ዘገዬ በሕይወቱ ጮክ የሚለው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። የእመቤታችንን ሰላምታ ሲያደርስ «ደስ ይበልሽ» የምትለዋን በተለይ ይወዳታል፤ እሷ ላይ ሲደርስ ድምፁ ከፍ ይላል።

ታዲያ አንድ ጠዋት፣ እዚያችው ቃል ላይ፣ ጆሮው ያዘው። የገዛ ድምፁ እንደተሰነጠቀ ጎማ አጉረመረመ።

«እኔን ደስ ሳይለኝ እንዴት ደስ ይበልሽ እላለሁ?» አለና ቆመ። ዋሽቶ የተያዘ ሰው መሰለው። በማግስቱ አልጸለየም። በሠልስቱም ተወ። ሥራውን ጦርነቱ ወሰደበት፣ በለጠችን ሞት ወሰደበት፤ ይቺን ጸሎት ግን ራሱ ነው የተዋት። እሷም ከሄደች የሚቀረው እንደሌለ ያውቃል። ማወቁ ግን አላስነሳውም።

አሥራ አንድ ቀን አለፈ። በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት ደጃፉ ላይ ፊቱን ሲታጠብ ሃሊሞ ከች አለች። ሃሊሞ በጣውላ ግድግዳ ብቻ የምትለይ ጎረቤቱ ናት፤ ከጀልዴሳ የሚመጣ የፍየል ወተት ትሸጣለች። ሱማሌ ናት፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ነው።

«ወርያ ዘገዬ! ዛሬስ ትነግረኛለህ። ምን አደረግኩህ?»

«እኔን? ምንም» አለ፣ ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እንደገባ።

«ምንም? ታዲያ ለምን ተውከኝ?»

ጎረቤት ይሰማል ብሎ ደነገጠ። «ኧረ ቀስ በይ! ምኑን ነው የተውኩሽ?»

«ደስ ይበልሽ ማለቱን ነዋ! ጠዋት ጠዋት፣ በግድግዳው። እኔም ዝም አልልህም፣ አሚን እልሃለሁ። አትሰማም እንዴ?»

አልሰማም ነበር። ያ ሁሉ ጆሮ!

ሃሊሞ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አቦ፣ ዘንድሮ ለሱማሌ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ደንበኞቼ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ወንድሜ ሰማታር የት እንዳለ አላህ ነው የሚያውቀው። አንተን ግን ለራሴ ምን እል ነበር፣ ይሄ ሰው ክርስቲያን ነው፣ ደገኛ ነው፣ ግን ሳያየኝ ይመርቀኛል። በዚያች ቃል ተነስቼ ወተቴን ተሸክሜ እወጣለሁ። አሁን አንተም እንደ ሰዉ ሆንክ። ገበያ ከወጣሁ አሥራ አንድ ቀኔ።»

ዘገዬ አፉን ከፈተ። ላንቺ አልነበረም ይበላት? «አይ... ሃሊሞ... እኔ...» አለና አረፋውን ሳያለቀልቅ ቤት ገባ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቱን፣ መምሬ ተሰማን፣ ዛፍ ጥላ ሥር ይዞ እየተንተባተበ ሁሉንም ነገራቸው። መምሬ መጀመሪያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ግን ለምን ተውክ?» አሉት በኋላ።

«ደስታ የለኝማ፣ አባቴ። የሌለኝን እንዴት ልስጥ? ውሸት መሰለኝ።»

«ቆይ፣ መልአኩ ሲመጣ እመቤታችን ደስ ብሏት ነበር የጠበቀችው?»

«እንጃ።»

«ደንግጣ ነበር እኮ! ደስታውን ይዞ የመጣው ቃሉ ነው። አንተ ደግሞ ደስታው ካልቀደመ ቃሉን አላወጣም ብለህ አኩርፈህ ተቀመጥክ። ቃሉ ያንተ መሰለህ? አንተ አድራሽ ነህ። ሳትሰማው እንኳ ሰው ሲያስነሳ ከርሟል።»

«ለሷ ግን አልነበረም።»

«እሱንማ ንገራት።»

«ብትቀየመኝስ? ጭራሽ ከቤት ባትወጣስ?»

መምሬ መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቱት።

የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ሲሻገር የሚናገረውን ሦስቴ ተለማመደ። ደጃፏ ሲደርስ ሁሉም ጠፋው።

«ሃሊሞ፣ ያ ነገር... ላንቺ አልነበረም።»

ፊቷ ወደቀ። «ለማን ነው?»

«ለእመቤታችን። ለማርያም። ጸሎት ነው።»

«መርየም? የነቢዩ ኢሳ እናት?»

«አዎ።»

ሃሊሞ ትንሽ አየችውና ጭኗን መታ አደረገች። «ወላሂ! እኔ በሷ ሰላምታ ነው አሚን ስል የከረምኩት?» ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። «እሷ ግን አትቀየመኝም?»

ይህን መምሬም አልነገሩት። «አትቀየምም» አለ ዘገዬ። በሕይወቱ ሳያመነታ የተናገራት ብቸኛ ቃል ይቺ ሳትሆን አትቀርም።

«ሃዬ! እንግዲያው አትተው። አንተ ለሷ በል፣ እኔ የተረፈውን እወስዳለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆመ። ደስታ አልመጣለትም። ቢሆንም ጀመረ። እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ እንደ ምንም አወጣትና፣ ጎማ መትቶ እንደሚያዳምጥ ሁሉ ጆሮውን ጣል አደረገ።

«አሚን!» አለ ግድግዳው። ጥርት ያለ ድምፅ ነው፣ ስንጥቅ የለበትም።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «ዘገዬ! አንተም ደስ ይበልሽ!»

ሃሊሞ ቃሉን የምታውቀው በዚያው መልኩ ብቻ ነው። ዘገዬ በጸሎቱ መካከል ሳቅ አመለጠው። ይቅር በይኝ እመቤቴ ብሎ ቀጠለ፤ ደግሞ ሳቀ። እንባና ሳቅ እየተቀላቀለበት ጸሎቱ ከወትሮው እጥፍ ጊዜ ፈጀ። ሲጨርስ የሃሊሞ የወተት ዕቃ ሲንኳኳ፣ በሯ ሲከፈት፣ እግሯም ወደ ገበያው ሲርቅ ሰማ። ይህንንስ ሰማ።

ባቡር ያን ቀንም አልመጣም። ዘገዬ ግን መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ስሙን ሲጽፍ ለብቻው ፈገግ ይል ነበር።

«ምን አገኘህ ዛሬ?» አለው ክፍሉ።

ዘገዬ «ዬ»ዋን አሳምሮ ጨረሰና ቀና አለ።

«ደስ ይበልሽ ተባልኩ» አለው።