ቀና ብላ የማታይ ልጅ

ይሄ የሆነው ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው። ልጄ ሰሚራ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ እኔ ግን ሳስበው ወላሂ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ሱቄ እዚያው አካባቢ ስለሆነ ለመመላለስ ይመቸኛል ብዬ ካዛንቺስ ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ላስመዘግባት ወሰድኳት። "መጀመሪያ ትፈተናለች" አሉኝ። ፊደል መስሎኝ ነበር። ለካስ ልጅ ከሰው ጋር መግባባቱን የሚለካ፣ ከውጭ አገር የመጣ ቅጽ ነው!

ወጣቷ መምህርት ስሟን ጠየቀቻት። ሰሚራ መሬት መሬት እያየች ቀስ ብላ መለሰች። ከረሜላ ስትሰጣት "አልፈልግም" አለች። የኛ ልጅ ካልተለመነች አትቀበልም፣ እንደዚያ ነው ያሳደግናት። መምህርቷ ግን ሁለተኛ "እንቢ አይባልም፣ ውሰጂ" እንኳን ሳትላት ከረሜላውን መለሰችው። መሃል ላይ ሽማግሌው ዘበኛ ሲገቡ ልጄ ብድግ አለች። ይሄንንም "ተረጋግታ አትቀመጥም" ብላ ጻፈችው።

"የሰሚራ እናት፣ አላለፈችም። ሰው ቀና ብላ አታይም፣ ሐኪም ቢያሳዩዋት ጥሩ ነው።"

"ሐኪም? አንቺ ትልቅ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያየሽ ነው ያደግሽው?"

አቀረቀረች። "እኔማ አላይም ነበር። ግን ቅጹ እንደዚያ ነው የሚለው። በሳምንቱ መልሰው ያምጧት።"

ሌላው ትምህርት ቤት ሁሉ ቦታ ሞልቷል። እኔስ ምን አደረግኩ? ሳምንቱን ሙሉ ልጄን አሠለጠንኳት። "ቀና በይ! ዓይኔን እዪኝ! ሲሰጡሽ ወዲያው ተቀበይ! ማንም ቢገባ እንዳትነሺ!" ስትነሳብኝ እየተቆጣሁ አስቀመጥኳት።

አለፈች። "ጎበዝ!" ተባለች።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከወልቂጤ መጡ። ሲገቡ ሁላችንም ተነሳን። ሰሚራ ግን ቁጭ እንዳለች ዓይን ዓይናቸውን ታያቸዋለች። ያመጡላትን ብርቱካን ገና ሳይሰጧት ከእጃቸው ላጥ አድርጋ ወሰደች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እማ፣ ጎበዝ ነኝ አይደል?" አለችኝ።

አባቴ እሷን አልተቆጡም። "ልጄ፣ ይቺ ልጅ የሚያሳድጋት ሰው አጣች እንዴ?" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወር ሳይሞላቸው አረፉ። ቅጹን ባሰብኩት ቁጥር እናደዳለሁ፣ በራሴ ደግሞ ይብሳል። አባቴ የልጅ ልጃቸውን ባለጌ ናት ብለው ነው የሄዱት። ባለጌ ያደረግኳት እኔ መሆኔን እንኳን አልነገርኳቸውም።