አፏን የሸፈነችው አያት

በኩጃንድ ከተማ የሕፃናት ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ተራ የምትጠራው ሳዮራ፣ አፏን በሻርፕ ከጠመጠመችው አሮጊት ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። አሮጊቷ የፊት ጥርሶቹ የጠቆሩበትን የልጅ ልጇን አቅፋለች።

«በረደዎት እንዴ እማማ?»

«ምን ብርድ አለ ልጄ! ሐኪሙ ጥርሱን ያበላሸው ጀርም የተጋባበት ከእኔ አፍ ነው አለኝ። እናቱ ሞስኮ ከሄደች ወዲህ ዳቦና ስኳር እያላመጥኩ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህማ አልስመውም።»

የአሮጊቷ ስልክ ጮኸ። እናትየው በቪዲዮ እየደወለች ነበር። አሮጊቷ ካሜራውን በመዳፏ ከልላ፣ «ተኝቷል» አለች።

«አልተኛሁም!» ብሎ ጮኸ ልጁ።

እናትየው ሳቀች። «አንቺ ውሸታም! እስኪ አሳዪኝ እማዬ፣ ሲስቅ ልየው።»

አሮጊቷ ስልኩን ወደ ራሷ አዞረች።

«ቆይ ልጄ» አለች፤ «መጀመሪያ እኔን ስሚኝ።»