ሥራ በቆመበት ቀን የተከፈተ መንገድ

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ሚካኤል ነው! አፈር የሚነካልህ ሰው አታገኝም» አሉኝ ፎርማናችን ጋሽ ውበቱ እየሳቁ።

ዐውቄ ነው ጋሼ! ቡሬ አጠገብ የምንሠራው የመማሪያ ክፍል ኮንክሪት የተሞላው ትናንት ነው። እስኪጠነክር መጠበቃችን ስለማይቀር፣ የመጠበቂያውን ቀን ሆን ብዬ ከበዓሉ ጋር አገጣጠምኩት። (ሚካኤልን በዕቅድ ማስገባት ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ስማር አላስተማሩኝም።)

ትርፏን ቀን ግን ተኝቼ አላሳለፍኳትም። ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ቆርቆሮ ካልለበሰ ልጆቹ መስከረምም ዛፍ ሥር ሊማሩ ነው። ቆርቆሮ የጫነው መኪና ደግሞ የሚያልፈው በታጠረው የእማማ የሺ ማሳ ጥግ ብቻ ነው። በሥራ ቀን አሳልፉን ብዬ ስጠይቃቸው አንዴ በሬ ጠፋ፣ አንዴ ገበያ ረፈደ እያሉ ቆመው አይሰሙኝም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቅኋቸው።

«በሚካኤል ደጅ ለምነኸኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? አጥሬን ግን በገዛ እጅህ መልሰህ ታጥራለህ!» አሉኝ እማማ የሺ።

«ያ እጅ እሾህ ያውቃል?» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ይለምዳል! ነገ ማለዳ አጥሩ ይነሳል፣ መኪናው ይገባል።

እናንተስ፣ ሥራ በቆመበት ቀን ምን ጨረሳችሁ? እስኪ አጫውቱኝ።