«አስወረድኩ» እና «አስወረደኝ»

ባለፈው ሳምንት ሰበታ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ፣ ለመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና እየሰጠሁ ነበር። የዛሬ ልጆች እንደ እኛ ወረቀት አይሸከሙም፤ ጥያቄው ሁሉ ታብሌት ላይ ነው። ሊዲያ የምትባል ቀልጣፋ ልጅ ድምጿን ከፍ አድርጋ የእርግዝናውን ክፍል ማንበብ ጀመረች። «አስወርደሽ ታውቂያለሽ?» ስትል የያዝኩት ሻይ ቀሚሴ ላይ ተደፋ። ይህን ጥያቄ በገዛ እጄ የቀበርኩት መስሎኝ ነበር፤ እነሆ ከነነፍሱ ተነስቶ ታብሌት ውስጥ ገብቷል።

የቀበርኩት እዚሁ ሰበታ ነው፤ በማስተር ፕላኑ ሰሞን። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያያይዛል የተባለው ፕላን ገበሬውን ከመሬቱ ሊነቅል ነው ተብሎ አገሩ ተቆጥቷል፤ መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ ይዘጋል። እኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። በከተማው ዙሪያ ያሉ ሴቶች ጽንስ ለምን እንደሚያጡ በሚያጠና ሥራ ውስጥ ጠያቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሁለትና ከዚያ በላይ ጽንስ ያጣች ነፍሰ ጡር ከተገኘች አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ በነፃ ትታያለች። እንዲያውም ሥራውን የወደድኩት ለዚህ ነው።

ችግሩ፣ ጽንስ ያጣች ሴት አልተገኘችም። «አስወርደሽ ታውቂያለሽ?» የሚለውን ወረቀት ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ፣ አቧራ ጠጣሁ፣ መልሱ ሁሉ «የለም» ሆነ። እንዲህ ያለ የተባረከ ከተማ አለ እንዴ? ከሆሳዕና መጥታ ክር ፋብሪካ የምትሠራው አየለችማ ጭራሽ ተቆጣችኝ። «እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ! እንዴት እንዲህ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ?» አለችና በሩን ዘጋችብኝ። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች።

በማግስቱ መንገድ ተዘጋና ሰበታ ቀረሁ። ሱቁም ምግብ ቤቱም ተዘግቷል። አየለች የተከራየችበት ግቢ ባለቤት ኦቦ ዲንቃ ከአጥር ውጭ ስንከራተት አዩኝ። «ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ግቢ እንጂ! በረሃብ ልትሞቺ ነው?» አሉኝ። አየለችም የትናንቱን ቁጣዋን ረስታ ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝ። ደጅ የታጨደው ጤፍ ተወቅቶ ጭዱ ተከምሯል፤ ፀሐዩ ደስ ይላል።

እየበላሁ ሳያት በውኃ የተሞላውን ጄሪካን ለማንሳት ጎረቤቷን ጠራች።

«አሞሻል እንዴ?» አልኳት።

«አላመመኝም። እፈራለሁ እንጂ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወረደኝ፤ ሁለቴም ሆዴ መግፋት ከጀመረ በኋላ።»

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። አስወረደኝ! እናቴ ቤት ስሰማው ያደግኩት ቃል። አንዲት ሴት «አስወረድኩ» ካለች አድራጊዋ ራሷ ናት፤ «አስወረደኝ» ካለች ግን የደረሰባትን መናገሯ ነው። እኛ ስለ ሐዘናቸው የጠየቅናቸው መስሎን ስለ ኃጢአት ስንጠይቃቸው ከርመናል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለካ እውነት ነው። በጣም ተናደድኩ፤ በወረቀቱም፣ ወረቀቱን በተረጎመውም።

ወዲያው ለአለቃዬ ደወልኩ።

«ቃሉን መለወጥ አንችልም፤ ሌሎቹም ከተሞች የተጠየቁት እንዲሁ ነው» አሉኝ።

«እንግዲያው እዚያም ተሳስተናል፣ ዶክተር። ደግሞ አንዲት ሴት ለሐኪም መድረስ አለባት።»

«መንገዱ እስኪከፈት ጠብቂ።»

«ጽንስ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ በተፈጥሮዬ አለቃ የምፈራ ነኝ። እሳቸውም «በይ ሐኪሙን እኔ እነግረዋለሁ፤ ይዘሻት ነዪ» አሉኝ።

ጠዋት ኦቦ ዲንቃ የፈረስ ጋሪያቸውን አወጡ። አየለች እንዳትንገላታ አዲሱን ጭድ ጎዝጉዘው፣ በላዩ ጋቢያቸውን ዘረጉላት። እሳቸው በእግር ሆነው ፈረሱን እየሳቡ፣ ቀስ ብለን ወደ ዓለም ገና ተነሳን። ዋናው መንገድ ላይ ግንድና ድንጋይ ተጋድሟል፤ ወጣቶች ከበቡን። ዓይናቸው ያረፈው ደረቴ ላይ በተንጠለጠለው ባጅና በያዝኩት ወረቀት ላይ ነው።

«ላፋ ሰፈርቱ?» አለ አንዱ። መሬት ለኪዎች ናችሁ ወይ ማለቱ ነው። ያን ሰሞን ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያም ሆኖ አየለችን ትቼ አልመለስም ብዬ ቆረጥኩ።

ኦቦ ዲንቃ ፈረሱን አቁመው «ኢሼን ኡልፋ» አሉ፤ ነፍሰ ጡር ናት። ልጁ አየለችን አየ፣ ጭዱን አየ፣ ከዚያ ለጓደኞቹ ምልክት ሰጠ። ግንዱን ለሁለት ሆነው ገለል አደረጉልን። ልጁም ኦቦ ዲንቃን በሁለት እጁ ጨብጦ «አባባ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ወዲያ ማዶ ጉድጓድ አለ» አላቸው።

ከዓለም ገና ወዲያ ታክሲ አገኘን። ሐኪሙ የማኅፀኗ አፍ ቀድሞ እንደሚከፈት፣ ሁለቱም የጠፉት በዚያ እንደሆነ አስረዳን። በክር ሰፋላትና ከከባድ ሥራ እንድትርቅ አዘዘ። እኔ መንገዱ ሲከፈት ሰበታ ተመለስኩ፤ ያው በር፣ ያው ሴቶች፤ የተለወጠው፣ ወረቀቱ ላይ በገዛ እጄ ያረምኩት ጥያቄ ብቻ ነው። «አስወርዶሽ ያውቃል?» ስል ፊታቸው ይለወጥ ነበር። ቀድሞ በር ላይ ቆመው «የለም» ያሉኝ ሴቶች ወንበር አውጥተው አስቀመጡኝ። አየለች በበልጉ ዝናብ ሴት ልጅ ወለደች፤ የኦቦ ዲንቃ ሚስት ገንፎ አገንፍተው ጠሩኝ።

እነሆ ሥልጠናው ላይ ይህን ሁሉ አወራሁላቸው። ሊዲያ ታብሌቷ ላይ ጥያቄውን አስተካከለችና «በእርስዎ ልለማመድ?» አለችኝ። እሺ ብዬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ጠየቀች፣ ሥራዬን ጠየቀች፤ ከዚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ልክ እንዳስተማርኳት በለስላሳ ድምፅ፣ «አስወርዶዎት ያውቃል?» አለች።

ይህን ጥያቄ ለስንቱ ሴት ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ እኔን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«አዎ» አልኳት። ለልምምድ መስሏት ፈገግ አለች፤ ፊቴን ስታይ ጣቷ ታብሌቱ ላይ ቀረ።

«ጻፊው፣ ልጄ» አልኳት።